ሐይቅ ዳር የጠማት ዶልፊን

የዚህችን ሚኒባስ ቅጽል ስም ያወጣላት ሰው ባሕር አስቦላት ነበር፤ የደረሳት ሃይላንድ ነው። ሐዋሳ መናኸሪያ በር ላይ፣ የገቢና ወንበሯ ተነሥቶ፣ አፏን ከፍታ ቆማለች። ረዳቱ ከላይ ያጠጣል፣ እሷ ከሥር ታፈሳለች፤ ተረበኛውም ቦታውን ይዟል።

«ሹፌሩ፣ ዶልፊን ሐይቅ ዳር ሆና ይጠማታል?»

«አልጠማትም፣ ጾም ይዛ ነው። ከውሃ በቀር አትቀምስም።»

«ታዲያ ከሥሯ የሚወርደው ምንድን ነው?»

«ከገባው ላይ አሥራት ታወጣለች።»

«አሥራት ከአሥር አንድ ነው፤ ይቺ ከአሥር ዘጠኝ ነው የምታወጣው!»

«ደግ ናታ!»

የሐዋሳ ተረበኛ በአንድ ዙር አይበርድም። «ሐይቁን እየው እስቲ» አለው። «ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ ይኸው ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ያንተ ራዲያተር ስንት በር ቢኖረው ነው?»

«ሐይቁም ያፈሳል! መውጫ ወንዝ ሳይኖረው ውሃው ጨው ያልሆነው ከሥር ወደ መሬት ስለሚሰርግ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ልዩነታችን፣ ሐይቁ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ‹ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አብቅቶለታል› የሚል መካኒክ የለም።»

ይህን የመለሰ ሹፌር ጂኦሎጂውን አጥንቷል። ያላጠናው መኪናውን ነው፤ የዛሬው ነገሬም ከእሱ ጋር ነው።

መኪና ቆሞ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ተራው ደረሰ፦

«ከማፍሰሷ የተነሣ ትራፊክ ያቆመህ የዋና ፈቃድ ጠይቆ ነው!»

«ማኒኮቶዋ በሽቦ ከመታሰሩ የተነሣ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል!»

«ቺንጋዋ ከመጮኹ የተነሣ ጡሩምባዋ ሥራ ለቋል!»

«ከመፍላቷ የተነሣ አሞራ ገደል ሾርባ ደረሰ ተብሎ ሰው ሳህን ይዞ እየመጣ ነው!»

«ከማርጀቷ የተነሣ ሊብሬዋ በግዕዝ ነው!»

ሹፌሩ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ፦ «የእናንተ ኪስ ከመድረቁ የተነሣ ራዲያተሬ አዝኖ ነው የሚያለቅሰው።»

ዳኝነቱን ለእኔ ከሰጣችሁኝ የሊብሬዋ አሸንፋለች፤ ብቻ ፍርደ ገምድል ናት። ቶዮታ ይህችን የሃይኤስ ትውልድ ያመረታት እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 ነው። የመጨረሻዋ ታናሽ ሃያ ዓመት አልፏታል፣ እውነት ነው፤ በእኛ አገር ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ግን ገና ለአቅመ ጋራዥ መድረሷ ነው።

«ሽጣትና አዲስ ግዛ» የሚል መካሪም አልጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ጋዜጣ አያነብም፣ ወይ ገንዘቡ የሌላ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን በታክስ አንቆ ያዘው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና በየዓመቱ አንድ ዓመት ስታረጅ ዋጋዋ ሁለት ዓመት ወጣት ይሆናል።

«ኤሌክትሪክ ግዛ በቃ» አለ መካሪው። «ውሃ የለው፣ ቺንጋ የለው።»

«ቺንጋውን ልተውልህ። ውሃውን ግን አልተውልህም፤ ከኤሌክትሪክ መኪኖቹ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያበርዱት በኩላንት ነው፣ ራዲያተርም አላቸው። ለመሆኑ መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆን ነው?»

«እንዳንተው እገፋለኋ!»

በዚህ መሐል አንድ የባጃጅ ልጅ ደረሰ። ሐዋሳ ላይ ባጃጅ የማይደርስበት ቦታ የለም፣ የማይገባበት ወሬም እንዲሁ። «የእኔዋ በአየር ነው የምትበርደው» አለ። «ራዲያተር የሚባል ጎረቤት አላውቅም።»

«ላብ የማያወጣ ሥራ ምን ሥራ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«እውነቱን ነው ልጁ» አሉ ጥግ የቆሙ አዛውንት። «እኔ ቮልስ ነድቼ ነው ያረጀሁት። አንድ ቀን ውሃ አጠጥቻት አላውቅም።»

«ጋሼ፣ የቮልስ አየር ከየት ይመጣል? ከማራገቢያዋ። ማራገቢያዋን ማን ያዞረዋል? ቺንጋ! እሱ ከተበጠሰ የእርስዎም ትቃጠላለች። ደግሞም የቮልስ ኮምቢ ብራዚል ላይ ስትሠራ ቆይታ በመጨረሻ ተሸንፋለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ውሃ መጠጣት ጀምራ ነበር።»

«ውሃ ከጀመረች በኋላ ስንት ዓመት ተሠራች?»

«ስምንት። በ2013 ማምረቱ ቆመ።»

«አየህ!» አሉት ጋሼ። ሹፌሩ መልስ አጣ፤ እኔም እስካሁን እያሰብኩለት ነው።

መካኒኩ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄው ስለ ክዳኑ ነበር፤ የራዲያተሩ አፍ ላይ ፌስታል በጨርቅ ታስሯል።

«ክዳኑስ?»

«ክዳን ለድስት ነው።»

«እሺ፣ ድስት ናት እንበል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 94 ላይ ይፈላል። ሞተርህ ደህና በዋለ ቀን 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። በጤናህና በመፍላትህ መካከል ያለችህ አራት ዲግሪ ናት፤ እሷንም የመጀመሪያው ዳገት ይወስዳታል። ሀገረ ሰላም ተኮናትረህ ስትወጣ ደግሞ፣ እዚያ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃው 91 ላይ ይፈላልሃል።»

«ክዳን ሲኖርስ?»

«ክዳኑ ስፕሪንግ አለው፤ ውሃውን ጨቁኖ ይይዘዋል። ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ከተጨቆነ ያው የሐዋሳ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል።»

«ጭቆና ነው በለኛ!»

«ጭቆናማ ነው። እዚህ አገር ጭቆና የጠቀመው ራዲያተርን ብቻ ነው።»

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ የተረፈውን ውሃ ወደ ጎን ዕቃው ያስወጣል፣ ሲበርድ መልሶ ይስባል። የመሳቢያዋ ትንሽ ቫልቭ ከተጣበቀች የላይኛው ማኒኮቶ ሌሊቱን ሆዱ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ያድራል። ሹፌሩ ጠዋት አይቶ «ብርድ መቶታል» ይላል። ሐዋሳ ላይ! ማኒኮቶው ይቀየራል፣ ክዳኑ ይቀራል፣ በሳምንቱ አዲሱም ማኒኮቶ ብርድ ይመታዋል።

ከክዳኑ ወደሚከደነው ነገር ተሻገሩ።

«ኩላንት አትጨምርም?»

«ኩላንት ለበረዶ አገር ነው። ሐዋሳ ውሃ በረዶ ሆኖ ያውቃል?»

«በረዶ አይሆንም፤ ዝገት ግን ይሆናል። ኩላንት እዚህ የመጣው በረዶ ሊከላከል አይደለም። ዝገት ይከለክላል፣ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።»

«ውሃ ውሃ ነው።»

«የስምጥ ሸለቆን ውሃ? ጥርሴን እየው። ይህን ያበለዘው ያደግኩበት ጉድጓድ ፍሎራይድ ነው። ያንተ ራዲያተር ጥርስ ስለሌለው አያስታውቅበትም እንጂ የውሃው ማዕድን ውስጥ ውስጡን እየተጋገረ ቀጫጭን ቱቦዎቹን እየደፈነልህ ነው።»

ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው በአገራችን ነገረኛ ይባላል። ራዲያተር ላይ ግን ነገረኛው ትክክል ነው፤ ውሃው ቀጥኗል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ሲገባበት ነው ወግ የሚደርሰው።

ረዳቱ ደግሞ መድኃኒት አለው። «ቁንዶ በርበሬ ወቅጠን ብንጨምርበት ቀዳዳውን ይደፍናል» አለ።

«ይደፍናል። ብቻ ቀዳዳ አይመርጥም፤ የታመመውንም የዳነውንም ቱቦ ነው የሚደፍነው። ቀጥለህ ሽንኩርት ልታቁላላበት ነው?»

እዚህ ላይ ለአፍታ ተረብ ይቁም። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን በጨርቅ ይዞ የሚከፍት ረዳት ፊቱን እያስያዘ ነው፤ የተጨቆነው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይዘላል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይከፈት። በጋለው ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ደግሞ አንድ ተንኮል አለ፤ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ የሙቀት መለኪያው ዳሳሽ የሚነካው ፈሳሽ ያጣና ቀስቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። «ተመስገን፣ በረደች» ብሎ ነዳጅ የረገጠ ሹፌር አይቻለሁ። በረደችም፤ ለወራት።

ጥሞናው አበቃ፣ ወደ ቺንጋው እንሂድ፤ የዚህች መኪና ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሹፌሩ የልብስ ሳሙና ያስቀባዋል። ሳሙናው ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ በአዲስ ጉልበት ይጮኻል። ይህኔ «አጥብቅልኝ» ይላል መካኒኩን። መካኒኩ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ቺንጋውን የበገና አውታር እስኪሆን ይወጥረዋል። ጩኸቱ ጠፋ፣ ሒሳብ ተከፈለ።

ከመጠን በላይ የተወጠረው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕ ዘንግ ሌት ተቀን ወደ ጎን ይጎትታል። ኩሽኔታው ይበላል። ኩሽኔታው ሲበላ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ ጎሚኒውን ይቀደዋል፣ ውሃ ይወጣል። የወጣው ውሃ የት ይረጫል? ቺንጋው ላይ። የራሰ ቺንጋ ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይጮኻል። ሲጮኽ ምን ይባላል? «አጥብቅልኝ!»

ፍሳሹና ቺንጋው ዕቁብ ገብተዋል። ዕጣው በየወሩ ይወጣል፣ ዳኛው መካኒኩ ነው፣ ከፋዩ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አልደረሰውም። አንዱን ብቻ እያባረሩ ሌላውን ትቶ መሄድ ነው ዕቁቡን የሚያቆየው። ፓምፑ ሲቀየር ቺንጋው አብሮ ይታይ፣ ቺንጋው ሲቀየር የፓምፑ ዘንግ በእጅ ይነቅነቅ። ውጥረቱንም በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ ይበቃል። ለዚህ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፤ አውራ ጣት እዚሁ አገር ይገኛል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የፓምፑ ቀዳዳ ነው። ፓምፑ ሆድ ላይ ሆን ተብላ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ጎሚኒው ሲያረጅ ውሃው በእሷ ጠብ እያለ «ፓምፑ ሊያበቃ ነው» ይላል። በእኛ ጋራዥ ይህች ቀዳዳ ምን እንደሚደረግባት ታውቃላችሁ? በማስቲሽ ትደፈናለች። ጥቆማ የሰጠን አፍ ማሸግ የት እንደተማርን አልናገርም። ውሃው አፉ ሲታሸግ ወደ ኩሽኔታው ይገባና ቅባቱን ያጥበዋል፤ ፓምፑም ምንም ሳይናገር አንድ ቀን ዳገት ላይ ይነክሳል።

በዚያ ቀን ቺንጋው ይበጠሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ግን የባትሪ ቀይ መብራት ናት፤ ዲናሞውን የሚያዞረውም ቺንጋ ነውና።

«ባትሪ ነው» ይላል ረዳቱ።

«ከባትሪ ጋር ምን አለኝ፣ ቀን ነው፣ መብራት አላበራሁ» ይላል ሹፌሩ፤ ይነዳል። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ግን ቆሟል። በእነዚህ የድሮ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ የፍሬኑን አጋዥ የምትመጥጠው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቃ ነው የምትዞረው። አንድ ቺንጋ ሲበጠስ ሙቀቱ ይወጣል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፣ ባትሪው ይወርዳል፤ ሹፌራችን ግን የሚያስበው ስለ ባትሪው ነው።

እንዲህ ሆነው ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሙ። ረዳቱ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«እማማ፣ መቀነትዎን ቢያውሱን? በቺንጋው ቦታ አስረን እስከ ከተማ እንደርሳለን።»

«መቀነቴን? በዚህ ውስጥ የታሰረውን ብር ብታውቅ እንኳን መኪናህ አንተም ትዞር ነበር።»

«ብሩን ፈትተው ይያዙት፣ እማማ።»

«ልጄ፣ ሳልሳፈር ‹እማማ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን› አልከኝ፤ ገባሁ። ‹ጠጋ በሉ› አልከኝ፤ ተጠጋሁ። አሁን ደግሞ ፍቺ አልከኝ። ቀጥሎ የምትለኝን ከመስማቴ በፊት በእግሬ ልሂድ።»

ገቢና የተቀመጠው ጎልማሳም ተራውን ጠበቀ። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩ ያለው ከገቢናው ወንበር ሥር ነው። «ለእኔ ግን ቅናሽ ይገባኛል» አለ። «ከሐዋሳ ስነሣ ጥሬ ነበርኩ።»

«ቅናሽ?» አለ ረዳቱ። «እንፋሎት መታጠቢያ ቤት ስንት እንደሚያስከፍል ታውቃለህ?»

ስለ ሌላኛው ቺንጋ ብዙ አልልም፤ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም። ታይሚንግ ቤልት ይሉታል። በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣዎች በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ቀኑ ሲደርስ የምታስታውስ መብራትም ዳሽቦርዱ ላይ ተሠርታለች። የሹፌራችን አትበራም።

«ለምን አትበራም?»

«እየበራች ስታስቸግረኝ አምፖሏን አስነቀልኳት።»

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች ታዲያ?»

«ቆጣሪው ከቆመ ቆየ።»

«እሷስ ከቆመች?»

«እሷማ ዛሬ ነው የቆመችው!»

ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የገላጋይ ሥራ አይደለም፣ የሰልስት ነው።

ዶልፊኗ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አየና ዝም አለ። መካኒክ ዝም ሲል ያስወጣል።

«ምን ሆነች?»

«ማኪያቶ።»

«ምን ማኪያቶ?»

«ዘይትህ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል። ሲዳማ በቡናው ነው የሚታወቀው፤ አንተ ደግሞ ወተቱን ጨመርክበት።»

ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ ጓርኒሲዮን ተገዛ፣ ፓምፕ ተገዛ፣ ቺንጋ ተገዛ፣ ክዳንም ተገዛ። ከእነዚህ ሁሉ ርካሿ ክዳኗ ነበረች፤ ቺንጋው ተከትሏት። ሹፌሩ ሒሳቡን አይቶ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ ቅናሽ ተጽፎ እንደሆነ።

«አንተ! ለዕቃው ይኸው ደረሰኝ አለ። ይሄ ታችኛው የእጅ ዋጋ የምንድን ነው?»

«እሱ ያለፈው መካኒክ በማስቲሽ የደፈናትን የፓምፕ ቀዳዳ መዘዝ ለማጽዳት ነው። ኩሽኔታው ተነክሶ፣ ዘንጉ ተጣብቆ፣ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ መሰለህ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚሠራው?»

«ያለፈው መካኒክ አንተ ነበርክ እኮ!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ።

«ታዲያ ለሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዋጋ የምሠራ ይመስልሃል?»